በፀሐይ ያልታየ ጨርቅ

ጳጉሜን 1፣ ሰኞ

ደብተሩን አልወሰደችውም። እንግዲህ እኔው እጽፍበታለሁ።

ሦስት ቀን የለፋሁበት ነው። ካለፈው ዓመት ደብተሮቿ ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች ነቅዬ፣ አስተካክዬ፣ ወገቡን በጆንያ መርፌ ሰፋሁት። ከካርቶን ሽፋን ቆረጥኩለት። ጠንካራ ነው። ጤፍ ቢሞሉበት አይፈስም። ቃልኪዳን ገለጥ ገለጥ አደረገችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ በሲባጎ የተሰፋ ደብተር ይዤ ብገባ ጆንያ ነው የሚሉኝ» አለች።

አምስተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ምላሷ የሴት አያቷ ነው።

የልጄ ልጅ ናት። አባቷ ካረፈ፣ እናቷም ሌላ አግብታ አገር ከቀየረች ጀምሮ እኔና አስካለ ነን ያሳደግናት። አስካለ ባለቤቴ ነበረች። ኅዳር ላይ ሞተች። ስለሱ ዛሬ አልጽፍም።

ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ መሠረተ ትምህርት ሲባል ነው። አስካለ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። እሷ በሁለት ወር ጨረሰች። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ስጽፍ እጄ አሁንም ይደክመኛል፤ ጆንያ ሲሰፋ ውሎ የማይደክም እጅ።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው የዛሬ ሳምንት ሰኞ ነው። የሚያስፈልገው ይሄ ነው፤

ደብተር ሰባት።
እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስ።
ጉርድ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ያለው አጥሯል፣ ከጉልበቷ በላይ ወጥቷል።
ሹራብ፣ ያለው ይበቃል። ክርኑ ተቀዷል፣ እጠግነዋለሁ።
ጫማ፣ ያለው። ሶሉ ይለጠፋል።

ቀለሙ ልክ ያልሆነ ልብስ የለበሰ ልጅ ከበር ይመለሳል ብለዋል። ስናስመዘግብ ሁለቴ ነው የነገሩን። ያለኝ መቶ አስር ብር ነው፤ የበዓሉም ከዚሁ ነው።

ይሄን ሁሉ ዓመት የምትገዛው አስካለ ነበረች። እንዴት እንደምታብቃቃው ጠይቄያት አላውቅም። ምን ይከብዳል? ሠላሳ ዓመት እህል በረንዳ የሠራሁ ሰው ነኝ። መርካቶን ለኔ ይተዉት።

ጳጉሜን 2፣ ማክሰኞ

ጨርቅ ገዛሁ። ከሜትሩ ሦስት ብር አስቀንሼ!

ጨርቅ ተራ መግቢያ የለውም፣ ሰው በሰው ላይ ነው። አንድ ሱቅ ገባሁ። ወደ ውስጥ ጥልቅ ነው፣ ፀሐይ አይደርስበትም፣ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ነጋዴው ጥርሱን የማይከድን ጎልማሳ ነው።

«አባቴ፣ የተማሪ ነው? ጥቁር ሰማያዊ? ይኸውልዎ። አስራ ስምንት።»

«አስራ ሁለት።»

«በአስራ ሁለት ክሩንም አይሰጡዎትም።»

«እኔ መርካቶ ስገባ አባትህ አላገባም ነበር» አልኩት።

«እንግዲያ ሠርጉ ላይ የቀሩት እርስዎ ነዎት! በሉ አስራ አምስት፣ ቂሙ ይቅር።»

ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንድ ሜትር ተኩል ለካልኝ።

ከጎኔ የነበረች ሴት የመረጠችውን ጨርቅ ይዛ በፀሐይ ልታየው ወደ በሩ ወጣች። አስካለም እንደዚሁ ነበረች። «አምፖል ያታልላል» እያለች ጨርቁን ይዛ መንገድ ላይ ትወጣለች፣ ትገለብጣለች፣ ትዘረጋለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ አፍር ነበር። ነጋዴውን ፊት ለፊት ሌባ እንደማለት ይመስለኝ ነበር። ዛሬም አላደረግሁትም። አስጠቅልዬ ወጣሁ።

ግቢያችን በር ላይ ዘይነባን አገኘኋት። የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፣ ቅመም ትነግዳለች። ከአስካለ ጋር አንድ ነፍስ ነበሩ። ዓይኗ የያዝኩት ፌስታል ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ የልጅቷን ነው የገዙት?» አለች።

አልመለስኩላትም። ከአስካለ አርባ ወዲህ መልሼላት አላውቅም።

ምክንያቱን ልጻፈው። በአርባዋ ዕለት ሳጥኗ ውስጥ ያለውን ልብስ እንዳለ አውጥቼ በነጠላዋ ቋጠርኩት። አንድ በአንድ ማየት አልቻልኩም። ለነፍሷ ለደሀ ልሰጠው ተሸክሜ ስወጣ፣ ዘይነባ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት እጇን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ ሳይታይ አይሂድ፤ አንዴ ልፍታው» አለች።

«የሟች ልብስ አማረሽ?» አልኳት።

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ሰማ። እጇን አነሳች። ቋጠሮውን ይዤ አማኑኤል ወረድኩና ከቤተክርስቲያኑ በር አጠገብ ከሴት ልጇ ጋር ለተቀመጠች ሴት ሰጠሁ። ስሟን አልጠየቅሁም።

ጥፋቱ የዘይነባ ነው። እንደዚያ ባለ ቀን እጅ አይዘረጋም።

ጳጉሜን 3፣ ረቡዕ

ሩፋኤል ነው። ዘነበ። የሰፈሩ ልጆች ወጥተው ዝናብ ተጠመቁ፣ ቃልኪዳንም አብራ ወጣች። ስትስቅ ሰማኋት። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ለፋሲካ ዶሮ ሳባርር የወደቅሁ ጊዜ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ጨርቁን ይዤ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሽኩር ጋ ሄድኩ። የቃልኪዳንን አሮጌ ጉርድ ለልክ ሰጠሁት። ሰማዩ እንደጠቆረ ነው። ጨርቁን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው።

«ጋሼ፣ የትምህርት ቤቱ ይሄ ነው?»

«ታዲያ ምን መሰለህ?»

«እንጃ፣ ደመናው ይሆን ዓይኔ...»

«ዓይንህን ተወውና መቀስህን ያዝ» አልኩት።

ያዘ። ቆረጠ። ከታች ምን ያህል መታጠፊያ ልተው ሲለኝ «ልኳን አድርገው፣ ቀሚስ የተዋሰች አታስመስላት» አልኩ።

ቤት ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አስካለ የምታሰፋው ሁሉ ከታች አራት ጣት መታጠፊያ ነበረው። ልጅቷ ስታድግ ይለቀቅላታል። ወደ ሽኩር ልመለስ አሰብኩ፤ ጭቃ ነው፣ ደሞ አንዴ ተናግሬአለሁ።

ጳጉሜን 4፣ ሐሙስ

ጥሩ ቀን ነው። ደብተር በነጠላ ውድ ነው፣ በደርዘን ይረክሳል። ከአውቶቡስ ተራ የመጣ አንድ ተሸካሚ ደብተር መሸጫው ላይ ቆሞ አምስት ሲጠይቅ ሰማሁ። አዋጥተን ደርዘን ገዛን፣ እሱ አምስት እኔ ሰባት። «ፋዘር፣ ነጋዴ መሆን ነበረብዎት» አለኝ። በአካባቢው ያለ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ቢለው ደስ ባለኝ።

የሹራቡን ክርን ጠገንኩ። ቀጭን ክር የለኝም፣ በሲባጎ ነው። አይቀደድም። ቃልኪዳን ለበሰችውና እጇን አጠፈች ዘረጋች። «ክርኔ ስንዴ ሞላው» አለች። ቢሆንም አላወለቀችውም።

ጫማዋን አስለጠፍኩ። ይጠብሽ ይሆን ስላት አይጠበኝም አለች። ስትራመድ አየሁ። ይጠባታል።

ጳጉሜን 5፣ ዓርብ

ጉርዱን አመጣሁ። ፀሐይ ወጥቷል።

አረንጓዴ ነው።

ከሽኩር በረንዳ ወርጄ መንገዱ ላይ ዘርግቼ አየሁት። የቢራ ጠርሙስ አረንጓዴ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፣ እኔ ጉርድ ዘርግቼ ቆሜአለሁ። ጥላ ውስጥ ገባሁ፣ ሰማያዊ መሰለ። ወጣሁ፣ አረንጓዴ። ገባሁ። ወጣሁ።

ሱቁ ሄድኩ። ነጋዴው ዛሬ ጥርሱን ከድኗል።

«አባቴ፣ ተቆርጦ ተሰፍቶ ምን ላድርግልዎ? ጨርቅ ሆኖ ቢመጣ እለውጥልዎ ነበር። እኔም ብሆን በዚህ አምፖል ነው የምሸጠው። ያን ዕለት በር ላይ ወጥተው ቢያዩት ማን ከለከለዎ?»

ማንም አልከለከለኝም።

ቤት ገብቼ ሰጠኋት። ፀሐይ በመስኮት ይገባል፣ ቀለሙን አይታዋለች። ለበሰችው፣ ዞር አለች። «ያምራል አባባ» አለች። ከዚያ አውልቃ በሥርዓት አጣጠፈችውና አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያለኝ ገንዘብ ሌላ ጨርቅ ገዝቶ አሰፍቶ ለበዓል አይተርፍም። በዓሉን ትቼ ልግዛ ብልም ነገ ዓመት በዓል፣ ከነገ ወዲያ እሑድ ነው። ማን ይሰፋል?

መስከረም 1፣ ቅዳሜ

እንቁጣጣሽ።

ዶሮ አልገዛሁም። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ቀቀልኩ፣ ጨው በዛበት። ቃልኪዳን ጠዋት ከጓደኞቿ ጋር አበባየሆሽ ለማለት ወጣች። ዘንድሮ አልሄድም ብላኝ ነበር። ከሰዓት ተመልሳ በመሀረብ የቋጠረችውን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው።

«ለጨርቅ» አለች።

«የልጅ ገንዘብ አልነካም።»

«እማማ ትነካ ነበር። በየዓመቱ ደብተር የምትገዛልኝ በአበባየሆሼ ነው።»

አላውቅም ነበር። አንድ ጣራ ሥር እየኖርኩ አላውቅም ነበር። ዘወር ብዬ ድስቱን አማሰልኩ፣ የሚማሰል ነገር ሳይኖረው።

«ለመሆኑ ዩኒፎርምሽን መቼ ነበር የምትገዛው?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። ስትገዛ አይቼ አላውቅም። ትምህርት ሊከፈት ሲል ከሳጥኗ ነው የምታወጣልኝ።»

ከሳጥኗ።

ሳጥኑ አልጋው ሥር ነው። ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም ጎትቼ ከፈትኩት። ጥጉ ላይ አንድ የወደቀ የልብስ ቁልፍ አለ። ሌላ ነገር የለም። የእሷ ሽታ ግን አለ። ቶሎ ዘጋሁት።

መስከረም 2፣ እሑድ

ዘይነባ ደጅ ሄድኩ። ስምንት ወር ያልረገጥኩት ደጅ። ከቤቴ አራት እርምጃ ነው፣ ዛሬ ቆጠርኩት።

በሩን ከፈተች። አየችኝ። «ይግቡ ጋሼ፣ ጫማዎን አውልቀው ነው እንጂ፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት» አለች። ትናንት የተለያየን ይመስል።

ቆሜ ጠየቅኋት። «ዘይነባ፣ ቋጠሮው ውስጥ ምን ነበር?»

«መጀመሪያ ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። እሷ መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። አስካለ በየዓመቱ የልጅቷን ልብስ የምትገዛው በጥቅምት ነበር። የተማሪው ግርግር ያልፍና ነጋዴው የተረፈውን ጨርቅ አራግፎ ይሸጣል። ያኔ ሁለቱ ሆነው ይሄዳሉ። ለሚመጣው ዓመት ገዝታ፣ ልጅቷ የምታድገውን ገምታ፣ ራሷ በእጇ ሰፍታ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ባለፈው ጥቅምትም፣ ሊያማት አንድ ወር ሲቀረው፣ የዘንድሮውን ጉርድ ሰፍታ ጨርሳለች። መታጠፊያው አራት ጣት። ወገቡ ላይ ሁለት ቁልፍ ጎን ለጎን፣ ቁልፍ ስላጠራት አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ። አንዱ ለዘንድሮ፣ አንዱ ለከርሞ።

«ሁለቱን ቁልፍ እኔ ነኝ ከሳጥኔ የሰጠኋት» አለች ዘይነባ።

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስጨረሱኝ እንዴ ጋሼ?»

አላስጨረስኳትም።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ምን ዋጋ አለው? ሄዷል። ደሞ ሰላምታዬን የማይመልስ ሰው ቤት ገብቼ የሰጡት የራስዎን ልጅ ልብስ ነው ልበል? ጨርቅ ገዝተው ሳይዎት ልብሱ አብሮ መሄዱን የተረዱ መስሎኝ ተውኩት።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለግሁት። አፌ ላይ አልመጣም። «አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«እሱን ማን ጠየቀዎ። ጉርዱን አምጡት» አለች።

አመጣሁት። ዘይነባ ሳጥኗን ፈትሻ በወረቀት የተጠቀለለ ቀለም አወጣች። ሰማያዊው ጥቂት ነው። «አረንጓዴ ላይ ሰማያዊ ብቻውን አይይዝም፣ ጥቁር እንጨምርበት» አለች። ጥቁሩን አወቅሁት። በኅዳር የእኔን የሐዘን ሸሚዝና የቃልኪዳንን ቀሚስ ነክራ የተረፈው ነው። የሚነከርበት ቆርቆሮም ያው የዚያን ጊዜው ነው፤ ጠርዙ ላይ ጥቁሩ አልለቀቀም።

ውኃው ፈላ። ጨው ጨመረች። ዱላውን ሰጠችኝና አማሰልኩ። ጉርዱ እየሰመጠ ይነሳል። እንፋሎቱ ዓይኔን አስለቀሰኝ ልበል። ዘይነባ አይታ እንዳላየች ሆነች። የእሷም እንደዚያው ነበር።

ሲወጣ እሷው ይዛው ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐዩ ሄደች። «ይምጡ እንጂ፣ እዚህ ነው የሚታየው!» ብላ ጠራችኝ። ሄድኩ። መንገደኛ እያየን፣ አንዲት አሮጊትና አንድ ሽማግሌ እርጥብ ጉርድ ዘርግተን ቆምን።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«ሰማያዊ ለመሆን የሞከረ ጥቁር ነው» አለች።

ከኅዳር ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነው። ግን የፈላ ውኃ ጨርቁን ሰብስቦታል፣ አንድ ጣት ያህል አጥሯል። ከታች የሚለቀቅ የለም። ልኳን አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። ዘይነባ ወገቡን ፈታ ዝቅ አደረገችው። አሁን ገመድ ላይ ነው። እስከ ጠዋት ካልደረቀ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች።

መስከረም 3፣ ሰኞ

ሁሉንም በተራ ልጽፍ።

ዘይነባ ተኩሳው ጉርዱ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ቃልኪዳን ለበሰች። ሹራቡ ክርኑ ላይ እንደ ስንዴ ጆንያ ነው። ጫማው ይጠባታል። እጇን ይዤ ሄድን፣ በሩ ጋ ስንደርስ ለቀቀችኝ።

ዘበኛው የሁሉንም ልብስ ያያል። እኛ ጋ ሲደርስ አቆማት።

«ይሄ ምን ቀለም ነው? ጥቁር አይገባም።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። እንደ ልማዴ ልሳደብ ይሆናል። እሷ ቀደመችኝ።

«ሐዘን ላይ ነን። አያቴ ሞታብኝ ነው» አለች።

ዘበኛው እኔን አየ። ጥቁር ሸሚዜን አየ። ቆቡን ነካ አድርጎ «ነፍስ ይማር። እስከ ዓመቷ ልበሽ፣ ጠያቂ ካለ እኔ ፈቀድኩ በይ» አላት። ገባች። ዞራ አላየችኝም። ውሸት አልተናገረችም፤ ቀለሙ በእርግጥም የአስካለ ሐዘን ነው።

ልመለስ ስል ነው ያየሁት። አንዲት ልጅ፣ በቁመት ቃልኪዳንን የምታክል፣ ከእናቷ ጋር መጣች። ሸሚዟ አሮጌ ነው። ጉርዷ ግን ጥቁር ሰማያዊ፣ በፀሐይ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ። ከታች ወፍራም መታጠፊያ። ወገቧ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ቡናማ። የተቆለፈው ነጩ ነው።

እናትየው አወቀችኝ። የአማኑኤሏ ሴት ናት። ልጇን አስገብታ ወደኔ መጣች፣ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፣ ከለከልኳት።

«አባቴ፣ በፈጣሪ እርስዎ ነዎት! እርስዎን ፈልጌ ነበር። ልጄን ዘንድሮ ማስገባት አልችልም ብዬ ነበር፤ ደብተር ሰዎች ሰጡኝ፣ ልብሱ ነበር የጨነቀኝ። ለአንድ ቀን እንኳን ሳላስለብሳት አስቀመጥኩት። ልክክ አለላት። እንዴት ልኳን አወቁት?»

ልነግራት ነበር። ይሄ የልጄ ልጅ ልብስ ነው፣ በስህተት ነው፣ አላየሁትም ልላት ነበር። ፊቷን አየሁ።

«ባለቤቴ ናት የለካችው» አልኩ።

«እግዜር ነፍሷን ይማር። ስሟን ይንገሩኝ፣ አማኑኤል በር ላይ ስቀመጥ እንዳነሳት።»

«አስካለ።»

ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል።

ወደ እህል በረንዳ አልሄድኩም። ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ቢያንስ አሥር ጊዜ ተናደድኩ፣ በራሴ። ያ ጉርድ ቃልኪዳን ላይ ሆኖ ማየት ነበረብኝ። ለእሷ ነው የተሰፋው። አስካለ በጣቷ የወጋችው እያንዳንዱ ስፌት ለእሷ ነው። ደሞ ያቺን ሴት ሳስብ ንዴቱ ይቀዘቅዛል። ተመልሶ ይመጣል። አሁንም እየተመላለሰ ነው።

ቃልኪዳን ከትምህርት ቤት ስትመጣ አዲስ ልጅ አጠገቤ አስቀመጡ አለች። ጉርዷ በጣም ያምራል አለች። «አባባ፣ እንደ እማማ አድርገው ሁለት ቁልፍ ተክለውላታል!»

እህ አልኩ።

ልንገራት? ብነግራት ያቺን ልጅ በየቀኑ በምን ዓይን ታያታለች? ባልነግራት ደሞ አያቷ ሳትረሳት እንደሞተች አታውቅም። ዘይነባን ጠየቅኋት። «አሁን አይሁን፣ ጥቅምት ይምጣ» አለችኝ። በጥቅምት ጨርቅ ተራ አብረን እንሄዳለን። ለከርሞ እገዛለሁ፣ አራት ጣት መታጠፊያ፣ ሁለት ቁልፍ። በሩ ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየዋለሁ፣ የፈለገ ይሳቅ። ያን ዕለት፣ ጨርቁን ዘርግተን ስንቆም፣ ምናልባት ያኔ እነግራታለሁ።

ሳጥኑ ውስጥ የተገኘውን ቁልፍ ለዚያ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቁልፍ ብቻ ይጎድለኛል።